ሕፃናትን ከበይነመረብ ጥቃት የሚጠብቁ ሕጎች፦ ከጥቃቱ በኋላ የሚደርሰው ሕግና ከጥቃቱ በፊት ያለው ክፍተት

አንድ የ14 ዓመት ልጅ እናስብ። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ ጨዋታ ሲጫወት የማያውቃት «ልጅ» ሰላም ትለዋለች። የመገለጫዋ ፎቶ የእኩያው ነው፤ አጻጻፏም እንደዚያው። ጥቂት ካወሩ በኋላ ወደ ሌላ የመልእክት መተግበሪያ እንዲሻገሩ ትጠይቀዋለች። እዚያ እንደደረሱ የራሷ ነው ያለችውን የዕርቃን ፎቶ ልካ እሱም እንዲልክላት ትወተውተዋለች። ልጁ ፎቶውን በላከ በደቂቃዎች ውስጥ የንግግሩ ቃና ይለወጣል። ከማኅበራዊ ገጹ ላይ የተቀዳ የጓደኞቹና የዘመዶቹ ስም ዝርዝር ይመጣለታል፤ ገንዘብ ካልላከ ፎቶው ለእነዚህ ሁሉ እንደሚደርስ ይነገረዋል። «ልጅቷ» በሌላ አገር የተቀመጠ፣ በዚያው ሌሊት ይህንኑ በብዙ ልጆች ላይ የሚፈጽም አዋቂ ነው። ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ ማስፈራሪያው ያለው ጊዜ አንድ ሰዓት ላይሞላ ይችላል።

ታሪኩ የአንድ የተወሰነ ልጅ አይደለም፤ መርማሪዎች በየአገሩ ደጋግመው የሚያገኙት አካሄድ ግን ይኸው ነው። ሕፃናትን ከበይነመረብ ጥቃት ለመጠበቅ የወጡትን ሕጎች ለመመዘን ከዚህች አንድ ሰዓት የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም። ሕጎቹን ከዚህች ሰዓት ጎን ስናስቀምጣቸው አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚጀምሩት ፎቶው ከልጁ እጅ ከወጣ በኋላ መሆኑ ይታያል፤ ምስሉን ያዘጋጀውን፣ የያዘውንና ያሰራጨውን ይቀጣሉ። ቅጣቱ ተገቢ ነው፤ ሊላላም አይገባም። ይሁን እንጂ እንግዳው ሰው ልጁ ዘንድ በዚህ ያህል ቅለት እንዴት ሊደርስ ቻለ የሚለው ጥያቄ፣ ልጁስ ሲጨንቀው ማንን ይጠራል ከሚለው ጥያቄ ጋር፣ ለረጅም ጊዜ ከሕጉ ደጃፍ ውጭ ቆይቷል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚካሄደው የሕግ ክርክር በአብዛኛው የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ክርክር ነው።

መሠረቱ የተጣለው በይነመረብ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአንቀጽ 34 መንግሥታት ሕፃናትን ከማናቸውም ዓይነት ወሲባዊ ብዝበዛ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። በ2000 የወጣው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል ማዘጋጀትንና ማሰራጨትን በወንጀልነት መደንገግ ግዴታ እንዲሆን አደረገ። በ2001 የቡዳፔስት የሳይበር ወንጀል ስምምነት፣ በ2007 ሕፃናትን ከወሲባዊ ብዝበዛና ጥቃት የሚጠብቀው የአውሮፓ ምክር ቤት የላንዛሮቴ ስምምነት፣ በ2014 ስለ ሳይበር ደኅንነትና የግል መረጃ ጥበቃ የወጣው የአፍሪካ ኅብረት የማላቦ ስምምነት ተከተሉ። የማላቦው ስምምነት ከጸደቀ በኋላ በሥራ ላይ ለመዋል እስከ 2023 ድረስ ዘጠኝ ዓመት መቆየቱ የዚህ ዘርፍ አንዱ ሕመም የት እንዳለ ያሳያል፦ ስልኩ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ስምምነቱ ግን አሥር ዓመት ሊጠጋ ፊርማና ማጽደቅ ይጠብቃል።

ከእነዚህ መካከል የላንዛሮቴው ስምምነት ለያዝነው ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። በአንቀጽ 23 አዋቂ ሰው በመገናኛ ቴክኖሎጂ አማካይነት ልጅን አግባብቶ ለወሲባዊ ጥቃት ማጥመዱ ራሱ፣ ጥቃቱ እስኪፈጸም ሳይጠበቅ፣ ወንጀል እንዲሆን ጠየቀ። ነገር ግን የድንጋጌው አጻጻፍ አጥማጁ ልጁን በአካል ለማግኘት ሐሳብ ማቅረቡንና ለመገናኘት የሚያደርስ ተግባር መፈጸሙን እንደ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። አርቃቂዎቹ በዐይነ ኅሊናቸው ያዩት ልጁን በመልእክት አግባብቶ የሆነ ቦታ የሚቀጥረውን ሰው ነበር። የእኛን የ14 ዓመት ልጅ ያጠመደው ሰው ግን ሊያገኘው ፈጽሞ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ምስሉንና ገንዘቡን ነው። የስምምነቱ ኮሚቴ ይህን ክፍተት ተመልክቶ በ2015 ባወጣው አስተያየት አባል አገሮች መገናኘት ባይኖርም፣ ጥቃቱ ሙሉ በሙሉ በመስመር ላይ ቢፈጸምም በወንጀልነት ለመደንገግ እንዲያስቡበት መከረ። ይህን የሰሙ አገሮች ሕጋቸውን አሻሽለዋል፤ ያልሰሙት አገሮች ዐቃቤ ሕግ ግን ዛሬም ማስረጃውን ይዞ የሚጠቅሰው አንቀጽ ሊያጣ ይችላል።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። አሮጌዎቹ ሕጎች «የሕፃናት የወሲብ ፊልም» የሚል ይዘት ያለው ስያሜ ይጠቀማሉ። በ2016 በሉክሰምበርግ የጸደቀው የቃላት አጠቃቀም መመሪያ ይህ እንዲቀር መክሯል፤ ምክንያቱም ስያሜው ነገሩን አዋቂዎች በፈቃዳቸው ከሚሠሩት የመዝናኛ ዓይነት ጋር ስለሚያመሳስለው ነው። ምስሉ የጥቃት ማስረጃ ነው፤ አንድ ሰው ባየው ቁጥርም ጥቃቱ እንደገና ይፈጸማል። ስያሜው የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ በተግባር ግን ዳኛው የሚጽፈውን የቅጣት ውሳኔ፣ ጋዜጠኛው የሚመርጠውን ርእስ፣ ከሁሉ በላይ ተጎጂው ስለ ራሱ የሚያስበውን ይለውጣል።

ወደ ልጁ ስልክ እንመለስ። የማያውቀው አዋቂ ሰው ለ14 ዓመት ልጅ በቀጥታ መልእክት መላክ የቻለው፣ የጓደኞቹንም ስም ዝርዝር ማየት የቻለው ለምንድን ነው? መልሱ በአብዛኛው አንድ ነው፦ መተግበሪያው ሲሠራ እንዲህ እንዲሆን ስለተወሰነ። ልጁ ገጹን ሲከፍት ምንም ሳይነካ የሚያገኘው ቅንብር፣ ነባሪ የሚባለው፣ ክፍት ነበር። ልጅ ቅንብር አይቀይርም፤ አዋቂውም ቢሆን አብዛኛው አይቀይርም። ስለዚህ ነባሪው ቅንብር በተግባር የብዙ ሚሊዮን ልጆችን ዕጣ የሚወስን ሕግ ሆኖ ያገለግላል፤ ያንን ሕግ የሚያወጣው ደግሞ ምክር ቤት ሳይሆን የኩባንያ ባለሙያ ነው።

ይህ ነጥብ ወደ ሕግ የገባው ባልተጠበቀ በኩል፣ በግል መረጃ ጥበቃ በር ነው። በ2022 የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን ኢንስታግራምን 405 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ ከጥፋቶቹ አንዱ የሕፃናት ገጾች በነባሪነት ለሁሉም ክፍት መሆናቸው ነበር። በ2023 ቲክቶክም በተመሳሳይ ምክንያት 345 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። በአሜሪካ ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ በ2022 መጨረሻ የሕፃናትን የግል መረጃ ሕግ በመተላለፍ 275 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተስማማ፤ የጽሑፍና የድምፅ ግንኙነትም ለሕፃናትና ለታዳጊዎች በነባሪነት ዝግ እንዲሆን ታዘዘ። እስከዚያ ድረስ ልጆች ጨዋታውን ሲከፍቱ ከማያውቋቸው አዋቂዎች ጋር በድምፅ ይገናኙ ነበር። እዚህ ላይ ሕጉ ጥፋተኛውን ፍለጋ አልወጣም፤ በሩ ለምን ተከፍቶ አደረ ብሎ ባለቤቱን ጠየቀ።

ብሪታኒያ ከዚህ ቀደም ብላ በ2020 በሥራ ላይ ባዋለችው የሕፃናት መመሪያ ውስጥ ይህንኑ ሐሳብ 15 መለኪያዎች አድርጋ አስቀምጣዋለች፤ ለሕፃናት የሚቀርበው ቅንብር ሲጀመር ከፍተኛውን ጥበቃ የሚሰጥ መሆን አለበት፣ ልጁ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው አገልግሎትም ጠፍቶ መጀመር አለበት የሚሉት ከእነሱ መካከል ናቸው። በ2023 የወጣው የመስመር ላይ ደኅንነት ሕጓ ደግሞ ኩባንያዎች አገልግሎታቸው በሕፃናት ላይ የሚያስከትለውን አደጋ አስቀድመው እንዲገመግሙና እንዲቀንሱ ያስገድዳል፤ ግዴታውን ያልተወጣ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም እስከ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው 10 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ሊቀጣ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም በአንቀጽ 28 ተመሳሳይ ግዴታ ጥሏል። እነዚህ ሕጎች አፈጻጸማቸው ገና በፈተና ላይ ነው፤ አቅጣጫቸው ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀድሞው አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሳሳተ ለማየት በ1998 የወጣውን የአሜሪካ የሕፃናት የመስመር ላይ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ማንሳት ይበቃል። ሕጉ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ ዓላማው መልካም ነበር። ነገር ግን ለልጆች ተብለው ካልተሠሩ አገልግሎቶች ግዴታው የሚመጣው ኩባንያው ተጠቃሚው ልጅ መሆኑን «በእርግጥ ሲያውቅ» ነው። ማወቅ ግዴታ የሚያመጣ ከሆነ አለማወቅ አትራፊ ይሆናል። ውጤቱን እያንዳንዱ ወላጅ ያውቀዋል፦ የልደት ዓመት የሚጠይቅ ሳጥንና፣ ሐሰተኛ ዓመት ጽፎ የሚያልፍ የ10 ዓመት ልጅ። «13» የሚለው ቁጥር በመላው ዓለም የማኅበራዊ ሚዲያ መግቢያ ዕድሜ የሆነው በሥነ ልቦና ጥናት አይደለም፤ ከዚያ በታች ያሉትን ልጆች ጉዳይ ላለመሸከም የተሰመረ የሕግ መስመር በየአገሩ ስለተቀዳ ነው።

የንድፍ ጥያቄ በፍርድ ቤትም ተነሥቷል። የአሜሪካ የ1996ቱ የመገናኛ ሥነ ምግባር ሕግ አንቀጽ 230 ድረ ገጾችን ተጠቃሚዎቻቸው ለሚጽፉትና ለሚለጥፉት ነገር ከተጠያቂነት ስለሚከላከል ተጎጂዎች ለዓመታት በዚህ ግድግዳ ተጋጭተው ተመልሰዋል። ኦሜግል የተባለው፣ እንግዳን ከእንግዳ ጋር በቪዲዮ በዕጣ የሚያገናኘው ድረ ገጽ ግን የተከሰሰው በሌላ መንገድ ነበር። በልጅነቷ በዚያ ድረ ገጽ በኩል በአጥቂ እጅ የወደቀች ሴት፣ ክሴ ሰውየው በተናገረው ላይ አይደለም፣ ልጅን ከአዋቂ ጋር በዕጣ የሚያጣምር ምርት መሥራታችሁ ራሱ ጉድለት ነው ብላ ተከራከረች። በ2022 የኦሪገን ፌዴራል ፍርድ ቤት አንቀጽ 230 ይህን ክስ አያግደውም አለ፤ በኅዳር 2023 ድረ ገጹ ተዘጋ። አንዲት ተጎጂ ያቀረበችው አንድ የተስተካከለ ጥያቄ ብዙ የወንጀል ክሶች ያላደረጉትን አደረገ።

በቅርቡ ከሁሉ በላይ የተወራለት የዕድሜ ገደብ ነው። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ገጽ እንዳይኖራቸው ከልክላለች፤ ተጠያቂዎቹ ኩባንያዎቹ ናቸው፣ ቅጣቱም እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል፣ ልጆችና ወላጆች ግን አይቀጡም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊመሰገን ይገባዋል። የእኔ ጥርጣሬ ሌላ ቦታ ነው። የታሪካችን ልጅ እንግዳውን ያገኘው በጨዋታ ውስጥ ነው፤ ማስፈራሪያው የደረሰው በመልእክት መተግበሪያ ነው፤ ሁለቱም ዓይነቶች በአብዛኛው ከእገዳው ውጭ ናቸው። ዕድሜን ማረጋገጥም መታወቂያ ወይም የፊት ምስል መስጠትን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ልጅን ለመጠበቅ ተብሎ የተሰበሰበ መረጃ ራሱ ጥበቃ የሚፈልግ ሌላ ክምችት ይሆናል። ከዚህም ሌላ፣ ልጁ መግባት በተከለከለበት ቦታ ጥቃት ሲደርስበት «እዚያ ምን ልትሠራ ገባህ?» መባልን ፈርቶ ዝም እንዲል ሊገፋው ይችላል። የዕድሜ ገደብ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ በሩን ደኅና ማድረግን ግን አይተካም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደርሰናል፤ ማን ያያል፣ ማንስ ይጠቁማል ወደሚለው። በአሜሪካ ሕግ የበይነመረብ አገልግሎት ሰጪ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ምስል በአገልግሎቱ ላይ መኖሩን ሲያውቅ ለብሔራዊ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ማእከል ማሳወቅ አለበት፤ እንዲፈልግ ግን አይገደድም። ብዙ ኩባንያዎች በፈቃዳቸው ይፈልጋሉ። መሣሪያው በ2009 ማይክሮሶፍትና የዳርትመዝ ኮሌጅ ተመራማሪ በጋራ የሠሩት ፎቶ ዲኤንኤ ዓይነት ቴክኖሎጂ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቀደም ሲል በመርማሪ ከታየ የጥቃት ምስል ላይ ቁጥሮች የተደረደሩበት «አሻራ» ይወሰዳል፤ አዲስ ምስል ሲጫን አሻራው ከዝርዝሩ ጋር ይነጻጸራል፤ ምስሉ ቢቀነስ ወይም ቀለሙ ቢቀየር እንኳ ይለየዋል። አሻራውን ይዞ ምስሉን መልሶ መሥራት እንዳይቻል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ የሚያውቀው አስቀድሞ የታወቀውን ብቻ ነው። ልጃችን ዛሬ ማታ የላከው ፎቶ በየትኛውም ዝርዝር ላይ የለም።

የማእከሉ የጥቆማ መስመር በ2023 ከ36 ሚሊዮን በላይ፣ በ2024 ደግሞ 20.5 ሚሊዮን ጥቆማዎች ተቀብሏል። ቁጥሩ ወረደ ብሎ መደሰት ስሕተት ነው። ከፊሉ መቀነስ የመጣው ስለ አንድ ክስተት የሚላኩ ብዙ ጥቆማዎች በአንድ መጠቅለል በመጀመራቸው ነው፤ ማእከሉ ራሱ በክስተት ሲቆጥራቸው ወደ 29.2 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ሌላው ምክንያት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደረግ ምስጠራ መስፋፋቱ ነው፤ መልእክቱን ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ኩባንያው እንኳ ካላየው የሚጠቁመው ነገር አይኖረውም። በዚያው ዓመት ልጆችን በመስመር ላይ ስለማጥመድ የደረሱ ጥቆማዎች ግን ከ546 ሺህ በላይ ሆነዋል፤ ከቀዳሚው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ጭማሪው 192 በመቶ ነው። የጠቅላላውን ቁጥር ብቻ ያየ ሕግ አውጪ ነገሩ ቀለለ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ የከበደው በሌላ በኩል ነው።

በምስጠራ ጉዳይ ሁለቱም ወገን የሚናገረው እውነት አለው፤ ክርክሩ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ምስጠራ ልጅንም ይጠብቃል፤ የሚደበድበውን አባት ሸሽቶ ለእናቱ መልእክት የሚልክ ልጅ፣ የግል ፎቶዎቹ እንዳይዘረፉበት የሚፈልግ ልጅ ይጠቀምበታል። ያው ምስጠራ አጥቂውንም ይሸሽጋል። አፕል በነሐሴ 2021 ወደ ማከማቻው የሚጫኑ ፎቶዎችን በስልኩ ላይ ከአሻራ ዝርዝር ጋር የሚያነጻጽር ሥርዓት አቀደ፤ የደኅንነት ባለሙያዎች አንድ መንግሥት ነገ ሌላ ዓይነት ምስል ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ ቢያዝስ ብለው ስለተቃወሙ በ2022 መጨረሻ ተወው። የአውሮፓ ኮሚሽን በግንቦት 2022 ያቀረበው፣ መልእክቶችን የመፈተሽ ትእዛዝ የሚፈቅድ ረቂቅም በዚሁ ክርክር ምክንያት ለዓመታት ተጓቷል። ፍተሻው ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ደግሞ አንድ አባት አይቶታል፤ ሐኪም ጠይቆት የታመመ ልጁን ገላ ፎቶ ቢያነሣ ሥርዓቱ እንደ ጥቃት ምስል ቆጥሮበት የኢሜይልና የስልክ አገልግሎቱን አጣ፤ ፖሊስ ነጻ ነው ካለው በኋላ እንኳ አልተመለሰለትም።

በእኔ ዕይታ የሁሉንም መልእክት ይዘት እንዲፈተሽ ከማዘዝ በፊት ሊደረጉ የሚችሉ ብዙ ነገሮች ገና አልተደረጉም። አንድ አዲስ ገጽ በአንድ ሌሊት ለ200 የማያውቃቸው ታዳጊዎች መልእክት ሲልክ ይህን ለመለየት ማንም የመልእክቱን ይዘት ማንበብ አያስፈልገውም። ልጁ ዕርቃን ምስል ሊልክ ሲል በራሱ ስልክ ላይ ብቻ የሚታይ ማስጠንቀቂያ ማሳየትም እንዲሁ ምስጠራውን አይሰብርም። እነዚህን ግዴታ ማድረግ የምስጠራው ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም።

ሌሊቱ አልፎ ነግቷል እንበል። ልጁ ለማን ይናገር? በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የሕግ ጉድለት እዚህ ነው። በብዙ አገሮች ሕጉ በጥሬው ከተነበበ ልጁ ራሱ የሕፃን ወሲባዊ ምስል አዘጋጅቷል፣ ልኳልም፤ ስለዚህ ወንጀለኛ ነው። በገዛ ምስላቸው ምክንያት የተከሰሱ ታዳጊዎች በእርግጥም ነበሩ። አስፈራሪዎቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ «ለፖሊስ ብትናገር የምትታሰረው አንተ ነህ» ማለት የታወቀ ዘዴያቸው ነው። ሕጉ እንዲህ ሆኖ ሲጻፍ የአስፈራሪው ምስክር ይሆናል። የላንዛሮቴው ኮሚቴ በ2019፣ በዚያው ዓመትም የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በተጨማሪ ፕሮቶኮሉ ላይ ባወጣው መመሪያ፣ ልጆች በራሳቸው ምስል ምክንያት በወንጀል እንዳይጠየቁ አሳስበዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2024 ያጸደቀው የሳይበር ወንጀል ስምምነትም አገሮች ለእንዲህ ያሉ ልጆች ልዩ ሁኔታ እንዲያደርጉ ፈቅዷል። «ፈቅዷል» ማለት ግን አስገድዷል ማለት አይደለም። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በየአገሩ የወንጀል ሕግ ውስጥ በግልጽ ቢጻፍ፣ በጀት የማይጠይቅ፣ ኩባንያ የማያስቆጣ፣ ነገር ግን ብዙ ልጆችን ከዝምታ የሚያወጣ ማሻሻያ በሆነ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የፍጥነት ነው። የአውስትራሊያ የመስመር ላይ ደኅንነት ኮሚሽነር በ2021ዱ ሕግ መሠረት አንድ ምስል በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ ማዘዝ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ በ2015 ለሕፃናት ብቻ ሲቋቋም በዓለም የመጀመሪያው ነበር። አሜሪካ በግንቦት 2025 ያወጣችው ሕግ ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ የተሰራጨ የግል ምስልን ጥያቄ በቀረበላቸው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከላይ የጠቀስሁት የአሜሪካ ማእከል ልጁ ራሱ የሚጠቀምበት አገልግሎት ከፍቷል፤ ልጁ ስሙን ሳይናገር፣ ፎቶውም ከስልኩ ሳይወጣ፣ አሻራው ብቻ ተወስዶ ለተባባሪ ኩባንያዎች ይላካል፤ አጥቂው ምስሉን እነሱ ዘንድ ሊጭን ሲሞክር ይያዛል። እዚህ ላይ ያ ያለፈው ድክመት ይቃናል፤ በዝርዝር ላይ ያልነበረውን ፎቶ ዝርዝሩ ላይ የሚያስገባው ልጁ ራሱ ነው።

አጥቂውን መያዝ ግን ሌላ ሩጫ ነው። ሰውየው በአንድ አገር፣ ልጁ በሌላ፣ መረጃው የተቀመጠበት አገልጋይ ኮምፒውተር በሦስተኛ አገር ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች ከጥቆማ በኋላ መረጃውን የሚያቆዩበት ጊዜ እስከ 2024 ድረስ 90 ቀን ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ አንድ ዓመት ተራዝሟል። በየአገሩ በዲፕሎማሲ መንገድ የሚላክ የማስረጃ ጥያቄ ስንት ወር እንደሚፈጅ ለሚያውቅ መርማሪ 90 ቀን ምን ማለት እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም። አዲሱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በቀን 24 ሰዓት የሚሠራ የግንኙነት መረብ ያቋቁማል፤ በሥራ ላይ ለመዋል ግን የ40 አገሮችን ማጽደቅ ይጠብቃል። ፊሊፒንስ በ2022 ያወጣችው ሕግ በበኩሉ በሌላ በኩል ገብቷል፤ በቀጥታ ሥርጭት ለሚፈጸም የሕፃናት ጥቃት ክፍያ የሚያልፍባቸውን ባንኮችና የገንዘብ አስተላላፊዎች ግዴታ ጣለባቸው። አስፈራሪው ስሙን ይደብቃል፤ ገንዘቡን የሚቀበልበት መንገድ ግን አንድ ቦታ ላይ መታየቱ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ልጁ ፎቶ ልኳል በሚል ግምት የተነገረ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ግምት አፍርሶታል፤ አሁን ለአስፈራሪው የልጁ የትምህርት ቤት ፎቶ ይበቃዋል። ወደ አሜሪካው ማእከል የደረሱ ከዚህ ቴክኖሎጂ ጋር የተያያዙ ጥቆማዎች በ2023 ከ4,700 ወደ 67,000 በ2024 ዘልለዋል። የ2000ው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ትርጓሜ «በማናቸውም መንገድ» የተሠራንና የተመሰለንም ድርጊት የሚያካትት በመሆኑ አርቃቂዎቹ አርቀው አይተዋል ማለት ይቻላል። የቡዳፔስቱ ስምምነት እውነተኛ የሚመስል ምስልን ቢጨምርም አገሮች ያንን ክፍል እንዳይቀበሉ ፈቅዷል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2002 እውነተኛ ልጅ የሌለበትን ምስል በጅምላ የሚከለክለውን ሕግ ሽሯል። ዛሬ ግን ምስሉ ላይ ያለው ፊት የእውነተኛ ልጅ ነው፣ የሚያፍረውም፣ ትምህርት ቤት መሄድ የሚያስጠላውም እውነተኛ ልጅ ነው። «እውነተኛ ልጅ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕግ ምስሉ እንዴት እንደተሠራ ሳይሆን ማን ላይ እንደተሠራ ሊጠይቅ ይገባል።

አንድ ጉዳይ ይቀረኛል፤ በሕግ ክርክሮች ውስጥ እምብዛም ሲነሣ አላየሁም። የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2021 ስለ ዲጂታሉ ዓለም ያወጣውን አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 25 ሲያዘጋጅ በ28 አገሮች የሚኖሩ 709 ልጆችን አነጋግሯል፤ ሰነዱም መረጃና አቤቱታ ለልጆች በሚገባቸው ቋንቋ እንዲቀርብ ይጠይቃል። የአውሮፓው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በአንቀጽ 42 ትልልቆቹ ኩባንያዎች በእያንዳንዱ የኅብረቱ የሥራ ቋንቋ ይዘት የሚቆጣጠሩ ስንት ሰዎች እንዳሏቸው በይፋ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ከእነዚያ 24 ቋንቋዎች ውጭ ለሆነ ልጅ ይህን የሚጠይቅለት የለም። ልጁ የሚደርሰው ማስፈራሪያ ይህ ጽሑፍ በተጻፈበት ቋንቋ ቢሆን፣ የመጠቆሚያውን ቁልፍ ተጭኖ «ፎቶዬን ለእናቴ እልካለሁ አለኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያንን ዓረፍተ ነገር አንብቦ የሚረዳ ሰው አለ ወይ? ስንት ናቸው? በስንት ሰዓት ውስጥስ ይመልሱለታል? ማንኛውም ሕግ አውጪ ከማንኛውም ኩባንያ ይህን ቁጥር በጽሑፍ ለመጠየቅ አዲስ ስምምነት እስኪጸድቅ መጠበቅ አያስፈልገውም።